ሣር የሌለው መስክ

መስክ ይለዋል መጽሐፉ፤ ሣር የሌለው መስክ፣
ከብት የማይውልበት፣ ጤዛ የማይወርድበት፣
በሁለት ወርቅ መሐል፣ ከጥፍር በጠበበ ስፍራ
ቮልት የተዘራበት።

ኮምቦልቻ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
ሙቀቱ ገና ከግድግዳው አልወጣም፤
የቦርከና ትንኝ በመስኮቱ ወንፊት ሾልኮ
ከማይክሮስኮፔ መብራት ሥር ይሞታል።
እኔ በአንዲት ጠብታ አልኮል ውስጥ
ጥላሸት አያለሁ።

ጥላሸት ስል አትናቁት፤
ካርቦን ነው፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ቱቦ የሆነ፣
ከፀጉር ሃምሳ ሺህ ጊዜ የቀጠነ።
አንዱን ለብቻው ዐይን አያየውም፤
የማየው እስሩን ነው፣
እንደ ተላጨ ጢም በየአቅጣጫው የወደቀውን፣
አንዱ ላንዱ ጀርባውን የሰጠውን።

ማብሪያውን ጫንሁ።

መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ አንዱ፣ ስሙን እንደ ሰማ ሰው፣ ዞር አለ፤
ሌላው ተከተለ፤
ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው
ከወርቅ ወደ ወርቅ መዘርጋት ጀመሩ።

መስኩ ምንም አልሰጠው፤ ከራሱ ነው ያለው፤
አብሮ የኖረውን ለሁለት ከፈለው።
ፕላሱ ወዲያ ጫፍ፣ ማይነሱ ወዲህ፣
መሐሉ ጭር አለ።
ድምሩ ግን ያው ዜሮ።

አባቴን «እንዴት አደርህ?» ስለው
«ደህና» እንደሚለው ነው።
ዜሮ አይዋሽም፤ ብቻ አይናገርም
ግራና ቀኙ ስንት እንደ ተሳበ።

ይመር ነው አባቴ። ድር ያደራ ነበር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እዚሁ፣ ጨርቃ ጨርቁ።
ጥጡ ሳንባው ገብቶ
ዛሬ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ያስላል፤
እኔ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣
በወረድሁ ቁጥር ጆሮዬ ይደፈናል።

አንድ ነገር ይገርመኛል፤
የምሰጠው ተለዋጭ ነው፣ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ
ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ያደርጋል።
ቱቦው አይገለበጥም።
የሚገለበጠው ውስጡ ነው፤
ከውጭ ላየው ቀጥ ብሎ የቆመ።

የፋብሪካው ማኅተም ሦስቴ ተቀየረ፤
ከቢሮው ግድግዳ ፎቶው ሁለቴ ወረደ፤
አባቴ ከድሩ ፊት አልተነሣም።
«ይመር፣ ምን ጽኑ ሰው!» ይሉ ነበር።
ሌሊት ሌሊት ስንቴ እንደ ተገለበጠ
እናቴ ናት የምታውቅ፤ እሷም ሳትናገር ሞተች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይባላል።
ማን እንዳሳበረው፣ በስንት ቮልት፣
የሚጠይቅ የለም።

አምስት ሰዓት ላይ የኦም ቆጣሪው ደነገጠ፤
ከማይነበብ ቁጥር ዘጠኝ ሺህ ላይ ወደቀ።
አንዱ ደርሷል ማለት ነው። ተሻግሯል።
«አልሃምዱሊላህ» ብዬ ብዕር ሳነሣ
መብራት ሄደ።

ከተማው እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ጠፋ።
ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ በሞባይሉ ብርሃን መጣ፣
«ጦይባ፣ ናፍጣ ዛሬም የለም» እያለ።
ብርሃኑን ተውሼ ከሌንሱ ሥር ያዝሁ።

እርጥቡ ውስጥ ያሉት ተበትነዋል፤
ማንም ጠርቷቸው የሚያውቅ አይመስሉም።
በጠብታው ዳር ግን፣ አልኮሉ ቀድሞ በደረቀበት፣
ጥቂቶች ተሰልፈው ቀርተዋል።
መስኩ የለም። ወርቁ ወርቅ ብቻ ነው።
እነሱ በተጠሩበት አቅጣጫ ተኝተዋል።

አባቴም እንቅልፍ ሲወስደው
ጣቶቹ የብርድ ልብሱን ክር ያበጥራሉ፤
አንድ፣ ሁለት፣ የተበጠሰ ያገኛሉ፣ ይቋጥራሉ።
እጁን ብይዘው በሌላው ይቀጥላል።

ደብተሬ ላይ፦ ሙከራ ዐሥራ ሰባት። ኃይል ተቋረጠ።
ውጤት፦
(እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ።)

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብሎ አንድ ዐይኑን ሌንሱ ላይ አደረገ።
እሱም ዱሮ ማጠንጠኛ ክፍል ነበር።
«ድር ነው እኮ» አለ። «ማነው ያደራው?»
ምንም እንዳልበራ ረስቼ
ወደ ማብሪያው ዞርሁ።